ስሙን የማናውቀው ቅጠል

ልጅ ሳለሁ፣ በስልሳ አምስቱ ረሃብ፣ አጎቴ አያ እንድሪስ ስሙን የማናውቀውን ቅጠል ቀምሶ ሞተ። ቤታችን ከቆቦ በታች፣ ሜዳው ጫፍ ላይ ነበር።

አባቴ ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገን እሱ ነው። ያኔ፣ እህል ሳይጠፋ፣ አመሻሽ ላይ የማሽላ አገዳ እያነደደ፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ ኩራዙ ጋዝ እንዳይጨርስ ዝቅ ተደርጎ፣ ቅጠሎች ስማቸውን ከየት እንዳገኙ ያወራልን ነበር። በክፉ ቀን የምንቀቅለው አሉማ መጀመሪያ የሴት ስም ነበር ይለናል፤ ሴትዮዋ በድሮ ክፉ ቀን ልጆቿ እንዳይመረዙ ቅጠሉን ቀድማ በላችው፣ በሕይወት አደረች፣ ቅጠሉም በስሟ ተጠራ።

«ስም የሌለውስ፣ አያ?» አለችው ታናሽ እህቴ ዘሃራ።

«እሱን የበላው መቼ ተመልሶ ነገረን!» ብሎ ሳቀ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። ማሽላው አለቀ፣ ከብቱ አለቀ፣ አሉማውም አለቀ። አንድ ጠዋት እናቴ ከወንዙ ዳር ግራጫ ቅጠል ለቅማ ቀቀለች። ፍየል እንኳ ሲነካው አይተን አናውቅም። ዘሃራ እጇን ስትሰድ አጎቴ ድስቱን ሳበው።

«እኔ ልቅደም። ፀሐይ እስክትጠልቅ ደህና ከሆንኩ ትበላላችሁ።»

«ተው ወንድሜ» አለች እናቴ። «አንተ ከሄድክ ማን አለን?»

«ምናለበት፣ ቅጠሉ እንድሪስ ይባላላ!» ቢስሚላህ ብሎ አንድ ጭልፋ በላ።

ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ዋለ። እኛም ዓይን ዓይኑን ስናይ ዋልን። ዘሃራ በየጊዜው «ደህና ነህ፣ አያ?» ትለዋለች፤ ለእሱ ብላ ይሁን ለድስቱ አላውቅም። ከአስር ሰዓት በኋላ አልመለሰላትም።

አጎቴ ከዚያ በፊት አምስት ቀን እህል አልቀመሰም ነበር። ቅጠሉ ይግደለው ረሃቡ፣ የሚነግረን አልነበረም። እናቴ ድስቱን ታቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ውጭ አውጥታ ደፋችው። ዘሃራ ጮሃ አለቀሰች።

በማግስቱ ቀብረነው ወደ ቆቦ ተነሳን። በሁለተኛው ቀን ዘሃራ በእናቴ ጀርባ ላይ እንዳለች ሞተች።

ቆቦ፣ የተራበው ሕዝብ በተኮለኮለበት መንገድ ዳር፣ ከዋጃ በኩል የመጣች ሴት ያንኑ ግራጫ ቅጠል ቀቅላ ልጆቿን ስታበላ አየሁ። ምን እንደሆነ ጠየቅኳት። እንደ ዋዛ ስሙን ነገረችኝ፤ እሷም እናቷም የበሉት ነው።

ለእናቴ አልነገርኳትም። እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም። የቅጠሉንም ስም እስከ ዛሬ በአፌ ጠርቼው አላውቅም።

ከቤታችን አራት ሰዎች ከዚያ ዓመት የተረፍነው እናቴና እኔ ነን።