የሰቃዋ ምስክር

ከአዲስ አበባ ስነሳ ገና አልነጋም ነበር። የሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ፤ ሥራዬ በሆስፒታል ነው፤ ፍርድ ቤት ሲያዝ ደግሞ ተከሳሽና ምስክር እመረምራለሁ። ያን ጊዜ የታዘዝኩት ጅማ ነው። አባ ዲጋ የሚባሉ፣ ጅማ አጠገብ ካለችው ከሰቃ የሆኑ ሽማግሌ የገበሬ ማኅበሩን የቡና መጋዘን አቃጥለዋል ተብለው ታስረዋል። በደርግ ጊዜ ይህ አሻጥር ነው፤ አሻጥር ደግሞ በጥይት ያስቀጣል። እሳቱ በተነሳበት ሌሊት ቤታቸው ታመው ተኝተው ነበር የምትለው የልጃቸው ሚስት ፋጡማ ብቻ ናት። ዳኛው ግን «አእምሮዋ የተሟላ አይመስልም፤ ትመርመር» ብለዋል።

ጊቤና ሰኮሩ

ጊቤ ኬላ ላይ አንድ ሚሊሺያ የምርመራ ካርዶቼን አገላብጦ «ቁማር ነው?» አለኝ። ለአእምሮ ምርመራ ነው ስለው «እንግዲያው ከአለቃችን ጀምሪ» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሳቀ። ሰኮሩ ላይ በብር ከሃምሳ ጥብስ በላሁ፤ ጥብስ ነው ካሉት። ጅማ የገባሁት አመሻሽ ላይ፣ ወገቤ ተቆርጦ ነው።

ሰቃ

በማግስቱ የፖሊስ ላንድሮቨር አደረሰኝ። ፋጡማ ከቡና ማድረቂያው አልጋ ላይ ቡና ትለቅማለች፤ እየለቀመች ጠየቅኳት። ቀኑን ታውቃለች፣ ልጆቿንና ላሞቿን በየስማቸው ጠራች፣ የራሷን አባትም እንዲሁ። የአማቷን ስም ስጠይቃት ሻሿን ስባ አፏን ሸፈነች። የባሏንም ስጠይቃት ወደ ቡናው አቀረቀረች።

«ረስተሽው ነው?»

«ወላሂ፣ ምን በወጣኝ!»

«ታዲያ?»

«ኤዬ ዶክተር፣ ነውር ነዋ! እንዴት አድርጌ ነው አማቴን በስሙ የምጠራው?»

«ይህን ለዳኛው ለምን አልነገርሽም?»

«እሱ መች ጠየቀኝ? ስሙ ማን ነው አለኝ፣ ዝም አልኩ፣ ተቀመጪ አለኝ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር በዚያች ሌሊት መጥቶ አማቴን መርፌ እንደወጋው እንኳ ሳልናገር ቀረሁ።»

ሽማግሌው በትኩሳቱ ራሳቸውን ስተው ስለነበር አያስታውሱም። የመርፌውን ነገር እስከዚያ ድረስ ማንም አልሰማም!

ጅማ፣ ችሎት

ዳኛው ለአገሩ አዲስ ናቸው፤ ነገሩን ሳስረዳቸው ግንባራቸውን አሹ። ፋጡማን አስጠርተው «ባልሽን የወለዱት ሰው እዚህ አሉ?» አሏት። ቀና ብላ ሳታይ በመዳፏ ወደ ተከሳሹ አመለከተች። ከዚያ በኋላ ማን ያቁማት! ትኩሳቱን፣ ዝንጅብሉን፣ መርፌውን ዘርዝራ ተናገረች። ድሬሰሩም ተጠርቶ፣ በዚያች ሌሊት ከሽማግሌው አልጋ አጠገብ እስኪነጋ መቆየቱን መሰከረ።

አባ ዲጋ ነጻ ወጡ። «አልሐምዱሊላህ» ሲሉ ድምፃቸው ተሰበረ፤ እኔም ኮሪደር ላይ ወጥቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

ቤት

አዲስ አበባ እንደገባሁ ሁሉንም ለእናቴ አወራኋት። ሰውን መልስ በሚሰጥበት መንገድ መጠየቅ እንዳለብኝ ሰቃ ድረስ ሄጄ ተማርኩ አልኳት። እናቴ ሳቀች።

«እኔስ አባትሽን በስሙ ስጠራው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ አንድም ቀን አልሰማሁም።