ጫማ ተወልቆ የሚገባባት ማኪና

ዛሬ ከታላቅ ወንድሜ አርባ ስመለስ፣ አዘዞ ላይ ከእሱው ማኪና የወረድሁት በካልሲ ነው። ጫማዬን ጎንደር መንገድ ዳር አውልቄ ትቼዋለሁ። ሽበቴ መቼም ለጌጥ ነው!

«ምነው ጋሼ፣ አባባ እኮ የለም፤ ማን አስወለቀዎት?» አለች መሪውን የያዘችው የወንድሜ ልጅ፣ እየሳቀች፣ እያለቀሰች።

ወንድሜ ያቺን የድሮ አሜሪካን ማኪና አድሶ፣ አዲስ ሞተር፣ ማቀዝቀዣና የኋላ ካሜራ ካስገጠመላት ወዲህ በጫማ የሚገባባት አልነበረም። እኔንማ «ቅናትህንም አብረህ አውልቅ» ይለኝ ነበር። የት ይወልቃል! ማቀዝቀዣው እየነፈሰብኝ እንኳ በቅናት ያልበኝ ነበር።

የኮሶዬን ዳገት በወጣን ቁጥር «ሸጋ አይደለችም?» ይለኛል። እኔም ዓይኔ እሷው ላይ ተተክሎ «ቀለሟ ደብዝዟል» እለዋለሁ።

ዛሬ መንገዱን ሁሉ ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁ፤ የጠየቀኝ የለም። አያ፣ ያቺን አንዲት «ሸጋ ናት» ግን እስካሁን አልከፈልሁህም።