እስከ ጥግ የሚያጠብቀው ኢሃያ

ወንድሜ ኢሃያ የዘጋውን ጠርሙስ ሌላ ሰው አይከፍተውም። አንድ ጊዜ የመኪናዬን ጎማ ቀየረልኝ፤ ያው ጎማ መንገድ ላይ ሲተነፍስብኝ ብሎኑን ለመፍታት ሁለት ገበሬዎች መፍቻው ላይ ቆመው ዘለሉበት። በግ ሲሸልትም ያው ነው። መሸለቻው መቁረጥ እንቢ ሲል ሌላው ሸላች ስለቱን ይቀይራል። የእኔ ወንድም ስለቱን የሚጫነውን ማጥበቂያ ያዞራል፤ ብረቱ እጁ ውስጥ እስኪግል ያዞራል፣ ከዚያ ጨርቅ ጠቅልሎበት ይቀጥላል። እኔ የሸላቾቹ ቡድን ምግብ አብሳይ ነኝ፣ የሱም ታላቅ እህት ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ጠባዩን ከማንም በላይ ጠግቤዋለሁ።

በዚያ ክረምት ልጁ ካሁ የደወለች ቀን እኔ ጋ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ነበር። የካሁ ሕፃን ያለ ጊዜዋ ተወልዳ፣ ሃሚልተን ሆስፒታል በቱቦ እየተነፈሰች ከርማለች። ኢሃያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ድምፁን ስለከፈተው እኔም ሁሉን ሰማሁ።

«አባዬ፣ ሐምሌ ሲያልቅ ወደ ቤት ይለቁናል።»

«ተመስገን! ከሥራ በቀጥታ እመጣለሁ።»

«ቆይ ስማኝ። ሳንባዋ ገና ነው። ትንባሆ ከሸተትከኝ ከበር ትመለሳለህ።»

«ትቼዋለሁ እኮ ካሁዬ!»

«ሁለቴ ትተኸዋል። ሁለቴም ጋራዡ ጀርባ ስታጨስ ያዝኩህ። ሦስተኛ የለም። አንተን ሳታውቅ ታድጋለች አባዬ፤ እኔም አላዝንም።»

ስልኩ ተዘጋ። ኢሃያ ስልኩን ገልብጦ አስቀመጠው። ሚስቱ ካረፈች ወዲህ በዚህ ምድር ያለችው ካሁ ብቻ ናት፤ የልጅ ልጁንም ቢሆን እስካሁን በስልክ ፎቶ እንጂ በዓይኑ አላያትም። አላዝንም ማለቷ ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። የምትለውን እንደምታደርግ ግን እሱም እኔም አልተጠራጠርንም።

ቬፕ፣ ያን በባትሪ የሚሠራ ሲጋራ፣ ሳይሞክር ቀርቶ አይደለም። የመጀመሪያውን የኋላ ኪሱ ከቶት በግ ላይ ሲያጎነብስ ሰባበረው። ሁለተኛው የሱፍ ቅባት ገብቶበት ቁልፉ አልጫን አለ። ሦስተኛው በግ የሚነከርበት ገንዳ ውስጥ ሰጠመ። ቬፑ በሞተበት ቀን ትንባሆ ይገዛል፤ ካሁ ስትጮኽበት «እቃው ተሰበረብኝ፣ ምን ላድርግ?» ይላል። አሁን ደግሞ ለሸለታ የምንሄደው ከታውማሩኑዪ ከተማ ጀርባ፣ ስልክ የማይሠራበት፣ ወደ ሱቅ ለመውጣት ግማሽ ቀን ጭቃ የሚያስነዳ ቦታ ነው። ከዚያ ስንወጣ መንገዳችን ቀጥታ ወደ ካሁ በር ነው። እዚያ አንድ ነገር ቢሰበር ያለቀለት ነገር ነው።

እኔ ራሴ አጫሽ ነኝ፤ አልደብቅም። ግን እኔን በር ላይ ማንም አልማለብኝም። ስለዚህ ጠባቂው እኔ ሆንኩና ጎትቼ ቬፕ ሱቅ ወሰድኩት።

ባለሱቋ ጃስሊን የምትባል፣ ፀጉሯን በእርሳስ የጠቀለለች ወጣት ናት።

«ምን ላሳይዎት ጋሼ?»

«የማይሰበር።»

«ሁሉም ይሰበራል።»

«እንግዲያው መጨረሻ ላይ የሚሰበረውን።»

ሳቀች። «በቀን ምን ያህል ያጨሱ ነበር?»

«እስኪመሽ።»

ሳቋን አቆመችና ሦስት አወጣች። አንዱ ባለ ቀለም ስክሪን፣ ባለ ብዙ መብራት ነው። «ይሄማ የገና ዛፍ ነው፣ በጎቹን ያስደነብራል» አልኩ። ሁለተኛው ትንሽና ቀላል ነው፤ ባትሪው አብሮ የተዘጋ ስለሆነ ሲደክም እቃውም ያበቃለታል። ሦስተኛው ጡጫ ውስጥ የሚገባ ከባድ ብረት ነው። ባትሪው ወጥቶ ሌላ ይገባበታል፤ ለብቻው ስለሚሞላ ቅባት የሚገባበት የቻርጀር ቀዳዳ የለውም። የሚተነው ፈሳሽ የሚሞላበት መስታወት በወፍራም ጎማ ታቅፏል። ቮልቱን ከፍና ዝቅ የምታደርገው ግርጌው ላይ ያለች መዞሪያ ናት፤ ኪስ ውስጥ በራሷ እንዳትዞር ወደ ውስጥ ገብታለች።

ኢሃያ አገላብጦ አየው። ከዚያ ክንዱን ወደ ጎን ዘርግቶ ሲሚንቶው ላይ ለቀቀው።

«ጋሼ! ገና አልገዙትም እኮ!»

አነሳው፣ ቁልፉን ተጫነው፣ በራ። «አሁን ገዛሁት» አለ።

ጃስሊን ግን ዝም ብላ አልሸጠችለትም። «ውስጡ ኮይል አለ፤ ፈሳሹን የሚያሞቅ የሽቦ ጥቅል። ሲያልቅ ይቀየራል። መዞሪያዋን ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፣ ጣዕሙ ሲስማማዎት እዚያው ይተዋት። ከዚያ በላይ ቢያዞሩ ኮይሉን ነው የሚያቃጥሉት። አዲስ ሲያስገቡ ደግሞ ፈሳሹን እስኪጠጣ ይታገሱ፤ ሻይ ተጠጥቶ እስኪያልቅ ያህል። ደረቁን ከሳቡት ወዲያው ሄደ ማለት ነው።»

ኢሃያ ራሱን ነቀነቀ። እናታችን ስትቆጣውም እንዲሁ ይነቀንቅ ነበር፤ አንዱም ጆሮው አይገባም። ሁለት ፓኬት ኮይል ውሰድ ብትለው አንድ ይበቃኛል አለ። እኔም የማላውቀው ነገር ነውና አልጨቀጨቅኩትም።

ሥራው ደህና ተጀመረ። ኢሃያ በደረት ኪሱ ብረቱን ይዞ ይሸልታል፣ በየዕረፍቱ በር ላይ ወጥቶ እንደ ማንቆርቆሪያ ይተናል። ሌሎቹ በሻይ ዕረፍት ትንባሆአቸውን ጠቅልለው ሲያጨሱ እሱ ፊቱን ወደ ሜዳው ያዞራል። እኔ ዳቦዬን ሳቀርብ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው እጁን ነበር።

አንድ ቀን አንዲት እርጉዝ በግ ደረቱን ረገጠችው። ቬፑ ከኪሱ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንሸራተተና የተሸለቱ በጎች በሚወርዱበት ቀዳዳ ከመሸለቻው ቤት፣ ከሼዱ፣ ሥር ገባ። ሼዱ በሙሉ አየ። በግ ግማሽ ተሸልቶ አይተውም፤ ኢሃያ ፊቱ አመድ መስሎ ያችን በግ እስከ መጨረሻው ሸለተ። ሲጨርስ በቀዳዳው ራሱን አስገብቶ ወረደ። በጎቹ መሀል በጉልበቱ ሲዳክር ቆይቶ፣ እስከ ክርኑ በበግ በጠጥ ተለውሶ ተመለሰ። አጠብነው፣ አደረቅነው፣ ቁልፉን ተጫነው። ተነነ! ኢሃያ ብረቱን ሳመው።

«በቃ፣ ሊያገባት ነው» አለ ብራይስ። ብራይስ የቡድኑ ፈጣን ሸላች፣ ቀይ ጢም ያለው፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው።

እኔም ደስ አለኝ፤ ከዚህ ወዲያ የሚሰብረው የለም ብዬ ልቤን ጣልኩ። ሞኝነቴ! ጠላቱን ውጭ ውጭውን ነበር የምፈልገው።

ሥራው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ የጠዋት ሻይ ይዤ ሼዱ ስገባ የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ነገር ሸተተኝ። ኢሃያ የሱፍ ከረጢት ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ብራይስ አለ። የብራይስ የትንባሆ ከረጢት ኢሃያ ጭን ላይ ነው፣ የመጠቅለያው ወረቀት ደግሞ ከንፈሩ ላይ።

ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩት። «ምንድነው የያዝከው?»

«እቃው ተሰበረ እትዬ።»

«በግ ሥር ወርዶ ያልተሰበረው?»

«ተሰበረ አልኩሽ! ማቃጠል ብቻ ሆኗል። እና ምን ላድርግ?»

ያቺው ቃል። ልመታው ፈለግኩ፤ ማርያምን ብዬ ነው የምነግራችሁ፣ በዚያ ሙቅ ማንቆርቆሪያ። ብረቱን ከጎኑ ነጥቄ አነሳሁት፤ እጄን ፈጀኝ። ገልብጬ መዞሪያዋን አየሁ። መጨረሻው ጥግ ላይ ናት።

«እስከ ጥግ አዙረኸዋል።»

«ጭሱ ቀጥኖብኝ ነው። ጉልበት የለውም።»

ብራይስ አጎንብሶ አየና ሳቁ ሼዱን ሞላው። «እንዴ ኢሃያ! እሱንም አጠበቅከው? ወንድሜ፣ መሸለቻህን ገደልክ፣ አሁን ደግሞ ሚስትህን! ሰው ሲደንዝበት ስለት ይቀይራል እኮ። አንተ በጉልበትህ ካላስጮኽከው የሠራህ አይመስልህም።»

ሁሉም ሳቁ። ኢሃያ አልሳቀም። ወረቀቱ ከንፈሩ ላይ እንዳለ ብረቱን ከእጄ ተቀብሎ መዞሪያዋን አየ። ያኔ ፊቱ ላይ ያየሁት እፍረት ነው። ሰባብሮ የጣላቸው ሁሉ በዓይኑ የመጡ መሰለኝ።

«ስንት ኮይል ቀረህ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«አንድ።»

«ሌሎቹስ?»

«አቃጠልኳቸው። ስቀይር ወዲያው እስባለሁ። ባለሱቋ የነገረችኝን… አልጠበቅኩም።»

ወረቀቱን ከከንፈሩ ላጠና ለብራይስ መለሰለት፣ ከረጢቱንም። ቦርሳውን ከፍቶ የመጨረሻውን ኮይል አወጣ። በዚያ ሻካራ ጣቱ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርጎ አራሰው፣ አስገባው፣ መስታወቱን ሞላው፣ መዞሪያዋንም ወደ ዝቅተኛው መለሳት። ከዚያ ብረቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

እንዲህ ያለ መጠበቅ አይቼ አላውቅም። ዙሪያውን ሁሉም ያጨሳል፤ ጭሱ በፊቱ ላይ ያልፋል። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች። አንድ ጊዜማ እስከ አፉ አነሳው። «ኢሃያ» አልኩ። አወረደው። ብራይስ እንኳ ቀልዱን ትቶ ሲጋራውን በጫማው ረገጠ። እኔ ሻይ መቅዳቱን ረስቼዋለሁ።

ኮይሉ ጠጥቶ ሊበቃው ነው ስል የዕረፍቱ ማብቂያ ደወል ተመታ። ደወል ከተመታ መሸለት ነው፤ አንድ ሳብ ልበል የሚባል ነገር የለም። ኢሃያ ብረቱን ሳይስበው ለእኔ ሰጠኝና በጉን ሊጎትት ሄደ። እስከ ምሳ ድረስ አንድም ሳይስብ ሸለተ። ጀርባው በላብ ርሶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ በጎቹን ሲሳደብ ወጥ ቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። ብረቱን የሽርጥ ኪሴ ውስጥ ይዤ ድንች ላጥኩ፤ ከልጣጩ ጋር ግማሹ ድንች ሄደ።

ምሳ ላይ መጥቶ እጁን ዘረጋ። ሰጠሁት። በዝግታ ሳበ። ቀጭን፣ ንጹሕ ጭስ ወጣ።

«እንዴት ነው?»

«አይበቃኝም» አለ። ሁለተኛ ሳበ። «ግን ይሁን።»

መዞሪያዋ ዝቅ እንዳለች ያች አንዲት ኮይል ሥራው እስኪያልቅ አደረሰችው።

የወጣን ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ይጥል ነበር። በእኔ መኪና ካሁ ወደምትኖርበት ወደ ቴ ኩይቲ ወረድን። እኔ እየነዳሁ አጨሳለሁ፤ መስኮቱ ጣት ያህል ተከፍቷል።

«እትዬ፣ ትንሽ ጨምረሽ ክፈቺው» አለኝ።

«ልታስበርደኝ ነው?» አልኩት። መስኮቱን አልነካሁትም።

ካሁ በሩን ስትከፍት ከስታለች። አባቷን አየች፣ ፈገግታዋ ሊመጣ ሲል አፍንጫዋ ቀደማት። እጇ በሩ ላይ ቀረ።

«ሸተትከኝ።»

ጭሱ የማን እንደሆነ ገባኝ። «ካሁ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ መኪናው ውስጥ…»

«አክስቴ፣ አንቺን አልጠየቅኩም።»

ኢሃያ ጃኬቱን አውልቆ በረንዳው ላይ ጣለው። ሹራቡን አወለቀ። ሸሚዙንም። በዚያ ብርድ የሥራ ካናቴራውን ብቻ ለብሶ ቆመ፤ ክንዱ ላይ ጠጉሩ ቆሟል። ቬፑን ከሱሪው ኪስ አውጥቶ የበረንዳው አጥር ላይ አስቀመጠ።

ካሁ ወደሱ ቀረበች። እንደ ወጋችን ግንባሯን ከግንባሩ፣ አፍንጫዋን ከአፍንጫው ገጠመች። ዘመድ ሲገናኝ አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፤ እሷ አለቀቀችውም። የሱን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበች፣ ቆየች፣ እንደገና ሳበች። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እያለቀሰች ነው።

«ግባ አባዬ» አለች። «እጅህን ታጠብና ግባ።»

ገባ። እኔም እንባዬን እየጠረግኩ ተከተልኩት። የካሁ ክንድ የበሩን መቃን ይዞ አገኘሁት።

«አንቺ አይደለሽም አክስቴ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያመጣሁልሽ! ስጠብቀው የከረምኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።» ድምጿ ለስላሳ ነበር፣ ክንዷ ግን አልተነሳም። «ሻይ እዚህ አመጣልሻለሁ።»

ተናደድኩ፤ ግን በረንዳው ላይ ቆምኩ። ሻዩን አመጣችልኝና በሩን ዘጋችው። በመስኮቱ የኢሃያ ጀርባ ይታየኛል፤ የሆነ ነገር ደረቱ ላይ አቅፎ ይወዛወዛል፣ ያችን ልጅ ግን ጀርባው ጋርዷታል። ይዞር ይሆናል ብዬ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆምኩ። አልዞረም። ሻዬን ጨርሼ ወደ መኪናዬ ሄድኩ፤ ሲጋራዬን አልተውኩም፣ የካሁንም ልጅ እስከ ዛሬ አላየኋትም።