ጀርባው ይመስክር

ልጅ ሳለሁ፣ በአዊ አገር ጥርባ በሚባል መንደር ባለው ቤታችን፣ የክረምቱ ዝናብ ሲወርድ ውሎ ወደ ማታ ሲያባራ፣ አባቴ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ስለ ፈረስ ያወራን ነበር። ስለ ሌላ ነገር አውርቶ አያውቅም ብል ብዙም አልተሳሳትኩም። ጅብም ሆነ ጦጣ በእሱ ተረት ውስጥ ከገቡ በፈረስ ምክንያት ነው የሚገቡት። ደከረንስ የምንለው የግራር እንጨት ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ ፍሙ ግን ቶሎ አይከስምም፤ እናቴ እፍሙ ውስጥ ድንች ትቀብርልናለች፤ አባቴም በባዶ እጁ እያወጣ፣ ከመዳፍ መዳፍ እያገላበጠ፣ ልጦ ለእኔና ለታናሽ ወንድሜ ይሰጠናል። ኩራዟ ምሰሶው ላይ ሆና ግማሽ ፊቱን ብቻ ታሳየን ነበር። ከመከለያው ማዶ ደግሞ ፈረሳችን ዳማ ገብሱን ሲያኝክ ይሰማናል።

ያኔ ተረት የምንሰማ እንጂ የምንማር አይመስለንም ነበር። ሆዱ ውስጥ ከበሮ ስላለው ፈረስ ሲነግረን እንስቃለን። ፈረሱ ማታ ማታ ከበሮውን ይመታል፤ ባለቤቱ ግን ሀብታምና እንቅልፋም ስለነበረ ከበሮው ዝም ያለ ለት ሳይሰማ ይተኛል፤ ሲነጋ ፈረሱ እየተንከባለለ፣ ጎኑን እየነከሰ ያገኘዋል። ይኸን ከሰማሁ በኋላ ሳልተኛ በፊት ወደ ጋጣው ገብቼ ጆሮዬን ዳማ ሆድ ላይ መለጠፍ ሥራዬ ሆነ። ውስጡ ይንጎራጎራል፣ ይጮኻል፣ ውሃ እንደሚፈስበት ቦይ ይንቆረቆራል። አባቴ ከምድጃው ዳር ሆኖ «ከበሮው አለ?» ይለኛል። «አለ፣ አባ!» እላለሁ። እንደዚያ ያለ ሹመት ከዚያ ወዲህ አግኝቼ አላውቅም። የፈረስ ጆሮ ወደ ኋላ ሲተኛ ምን ማለት እንደሆነ፣ ታሞ ቆሞ የሚያንቀላፋውንና ጠግቦ የሚያንቀላፋውን እንዴት እንደሚለዩት፣ የሞቀ ኮቴ ለምን እንደሚያስፈራ፣ ሁሉንም ያወቅሁት በተረት ነው።

ከተረቶቹ ሁሉ የምወደው የሁለቱን ጎረቤታሞች ነበር። ሁለቱም ዳማ ፈረስ አላቸው፤ ሁለቱም ታቦት ሲሸኝ ፊት ሆነው መጋለብ ይፈልጋሉ። ፊት የሚሆነው ደግሞ ፈረሱን አብልጦ የያዘው ነው ተባለና ዳኛ ተሰየመ። አንደኛው ተነሥቶ «እኔ ገብሱን በመዳፌ ነው የማበላው» አለ። ሌላው «እኔ ደግሞ ጋቢዬን ለእሱ አልብሼ፣ ራሴ ስንቀጠቀጥ ነው የማድረው» አለ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ያስቀን ነበር። ዳኛው ሁለቱንም ሰምተው ሲያበቁ «የሰውን ሰማን፤ አሁን ኮርቻው ይውረድና ጀርባው ይመስክር» አሉ። ኮርቻው ወረደ። ጋቢዬን አለበስኩት ያለው ሰውዬ ፈረስ ጀርባው ቆስሎ ተገኘ። ሰውዬውም ኮርቻውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ፣ አገር እያየው፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔ ሁልጊዜ «ከዚያስ?» እላለሁ።

አባቴም ሁልጊዜ «ከዚያማ አለቀ። እንዲህ ያለ ሰው ምን ከዚያ አለው?» ይለኛል።

በቅሏችን የሞተችበት ዓመት ነው ነገሩ የመጣው። በእኛ በኩል ደከረንስ ያልተከለ፣ ከሰል ያላከሰለ ገበሬ የለም፤ ከሰሉን እንጅባራ ገበያ የምታደርስልን እሷ ነበረች። ፈረስ ግን ሌላ ነው። ዳማ የበዓልና የለቅሶ ፈረስ ነበር፤ ጥልፍ ግላስ ለብሶ፣ ጋማው ተጎንጉኖ፣ ከባለፈረሶቹ ጋር የሚሰለፍ። እንዲህ ያለውን ፈረስ ከሰል መጫን በእኛ ዘንድ ሚስትን ለሰው ቤት ገረድነት ከመስጠት አይተናነስም። ስለዚህ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ገና ጎህ ሳይቀድ ዳማን ይዞ ሲወጣ፣ «ለጥምቀት እያለማመድኩት ነው» ሲለን፣ እኔ አመንኩ። ለምን አላምን? በፈረስ ነገር የአባቴ ቃል ቤታችን ውስጥ ከቄስ ቃል እኩል ነበር። እናቴ ጋቢውን ደጅ አውጥታ ደጋግማ ስታራግፍ አይቻለሁ። ምን እንደምታራግፍ አልጠየቅኋትም።

ዳማ ጀርባ ላይ ጆንያ ተደርቦበት የሰነበተውም ያን ሰሞን ነው። ብርድ እንዳይመታው ነው ተባልን። አንድ ምሽት እንደልማዴ ጆሮዬን ሆዱ ላይ ልለጥፍ ስጠጋ፣ ያ እንደ በግ የዋህ የነበረ ፈረስ ቆዳው ተርገፍግፎ፣ ጆሮውን አስተኝቶ፣ ወደ እኔ ዞሮ አየሩን ነከሰ። ሮጬ ለአባቴ ነገርኩት። «ጠግቦ ነው» አለኝና ፍሙን ቆሰቆሰ። የተኛ ጆሮ የጥጋብ ምልክት እንዳልሆነ ያስተማረኝ ራሱ ነበር።

የጥምቀት ዕለት ሜዳው በነጭ ልብስ ተሞልቷል። ፈረሶቹ በየቀለማቸው ተሸልመው፣ ባለፈረሶቹ ጦርና ጋሻ ይዘው፣ ታቦቱ እስኪነሣ ይሰለፋሉ። ከዳንግላ የመጡ ዘመዶች ነበሩ፤ ከእንጅባራ የመጡ ስልካቸውን ወደ ላይ የያዙ ሰዎችም ነበሩ። እኔ ከአክስቴ ጋር ፊት ቆሜ አባቴን ሳይ ልቤ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። አባቴ እርካቡን ረግጦ ሊወጣ ሲል ግን ዳማ ወገቡን አጎንብሶ፣ ከሥሩ ሊሸሽ የፈለገ ያህል ወደ ታች ሰጠመ። እንደምንም ወጣበት። ፈረሱ ጭራውን ይወነጭፋል፣ በቆመበት ይሽከረከራል፣ አንገቱን ጠምዝዞ የአባቴን ጉልበት ሊነክስ ይሞክራል። ከሰልፉ ውስጥ አንዱ ሣቀ።

የባለፈረሶቹ አለቃ አያ ፈንቴ የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። በእግራቸው ቀረብ ብለው «ሞላ፣ ይኸ ፈረስ ምን ሆነብህ?» አሉት።

«ሕዝቡ አስደንግጦት ነው፣ አያ» አለ አባቴ።

«ዳማ? በስንት ለቅሶ ተኩስ መሀል ያልደነገጠ?»

ሌላው ከኋላ «አያያዙ ነዋ! ፈረስ በወሬ አይያዝም!» አለ። ሰው ሣቀ። የአባቴ ፊት ሲለዋወጥ አየሁና ደሜ ፈላ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ከአባቴ በላይ ፈረስ የሚይዝ የለም። ይኸን ለሕዝቡ ማሳያው መንገድ ደግሞ በእጄ ነው፤ ራሱ አስተምሮኛል። ከአክስቴ እጅ አመለጥኩና መሀል ገብቼ ባለኝ ድምፅ ሁሉ ጮኽኩ፤

«ኮርቻው ይውረድና ጀርባው ይመስክር!»

ሜዳው በሣቅ አውካካ። አያ ፈንቴም ሣቁ፤ ራሴን ዳበስ አደረጉኝና «ልጅቷ ዳኛ ናት። በል እንግዲህ ሞላ፣ አውርድና አሳያቸው» አሉ። በፍቅር ነው ያሉት። እሳቸውም እንደኔ አምነውት ነበር።

አባቴ ከላይ ሆኖ አየኝ። ቁጣ አልነበረም፤ ቁጣ ቢሆን ኖሮ እስከዛሬ እረሳው ነበር። ወረደ። ጠፍሩን ፈታ። ኮርቻውን አነሣ። ያ እናቴ ክረምቱን ሙሉ የጠለፈችው ግላስ ግን አብሮ አልተነሣም፤ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ቀረ። አያ ፈንቴ ራሳቸው ቀስ ብለው ላጡት። ዳማ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ቆመ እንጂ አልተራገጠም። ጋማው ከሚያልቅበት በታች የሰው መዳፍ የሚያህል ሥጋ አፉን ከፍቶ ነበር፤ ሽታው እኔ ድረስ መጣ። አያ ፈንቴ የቁስሉን ዳር በጣታቸው ዳሰሱና ጣታቸውን ወደ ብርሃን አነሡት። ጥቁር ነበር። የከሰል ብናኝ። ከሰል የማያውቅ በዚያ ሜዳ አልነበረምና ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

ሣቁ ጠፋ። አያ ፈንቴ ጣታቸውን ሣር ላይ ጠረጉና እንግዶቹ እንዳይሰሙ በአዊኛ፣ በዝግታ፣ ወደ ቤቱ ይዞት እንዲሄድ ነገሩት። ይኸ ገር አነጋገራቸው ከስድብ የከፋ ነበር። አባቴ ግላሱን አጥፎ ብብቱ ውስጥ ሸጎጠ፣ ኮርቻውን በትከሻው ተሸከመ፣ ልጓሙን ያዘ፣ ሕዝቡም መንገድ ለቀቀለት። ወደ እኔ በኩል ሲያልፍ እጁን በትንሹ የዘረጋ መሰለኝ። እኔ ግን ወደ ኋላ አፈገፈግሁና አክስቴ ነጠላ ውስጥ ተሸሸግሁ። ያቺ የዚያ ሰውዬ ልጅ ናት እንዳይሉኝ ፈራሁ። እሱ በሰፊው መንገድ ሄደ፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር በዘንገና ሐይቅ በኩል ዞሬ፣ ከሩቅ እያየሁት፣ ሲመሽ ገባሁ።

ስገባ ጋጣው ውስጥ ነበር። ነጭ ጨርቅ ሞቅ ባለ የጨው ውሃ እየነከረ ቁስሉን ያጥባል። ሲጨርስ መጥቶ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፣ ድንች አወጣ፣ ልጦ ሰጠኝ። ተረት አልነበረም። ወደ ጋጣው ሄጄ የዳማን ሆድ አዳመጥኩ፤ ከምድጃው በኩል የጠየቀኝ የለም። አለቀስኩ። ስለ ፈረሱ ይሁን፣ ስለ አባቴ ይሁን፣ ስለ ራሴ ይሁን ያኔ አላወቅሁም። ዛሬም ሦስቱን መለየት ይቸግረኛል።

ከሰሉን ከዚያ ወዲያ በራሱ ትከሻ ገበያ አወረደ፤ ዳማን ኮርቻ ሳያስነካ በጋውንም ክረምቱንም አሳለፈው። የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ በየጊዜው አሳየው። መስከረም ሲጠባ ቁስሉ ደረቀ፣ ጠጉርም በቀለ፤ ግን ነጭ ሆኖ። በዚያ ቀይ ዳማ ጀርባ ላይ ነጩ ቦታ ከሩቅ ይታያል፤ እስኪሞት ድረስም መልኩ አልተመለሰም። አባቴ ወደ ባለፈረሶቹ ሰልፍ ሲመለስ ግላሱን ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ ነጩን ሳይሸፍን ይጋልብ ጀመር። ተረቶቹም እያደር ተመለሱ። ያ አንዱ ብቻ ቀረ። ወንድሜ አንድ ጊዜ የሁለቱን ጎረቤታሞች ንገረን ሲለው «ረሳሁት» አለው፤ እኔ ወደ ፍሙ አቀረቀርኩ።

አሁን እንጅባራ ቢሮ ውስጥ ነው የምሠራው። ዘንድሮ ክረምት ልጄን ይዤ፣ ከአስፋልቱ በባጃጅ፣ አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ኩራዟ በሶላር መብራት ተተክታለች፤ ጭሱ ያው ነው። ኔትወርክ ስለጠፋ ልጄ ስልኬን አስቀመጠና አያቱ ጉልበት ላይ ተደግፎ የፈረስ ተረት አምጣ አለው። አባቴ ምድጃው ላይ አንድ ጉማጅ እንጨት ጨመረ። ከዚያ፣ ወደ እኔ ሳያይ፣ ሁለት ጎረቤታሞች ነበሩ ብሎ ጀመረ። ገብሱ በመዳፍ፣ ጋቢው፣ የጥርሱ መንቀጫቀጭ፤ አንድም አልረሳም። ልጄ ከሣቁ ብዛት ተንከባለለ። ሰውዬው ኮርቻውን ተሸክሞ፣ አገር እያየው፣ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ።

«ከዚያስ?» አለ ልጄ።

አባቴ ፍሙን ቆሰቆሰ። «ከዚያማ መንገዱ ረዘመበት። ሰው ሁሉ ፊቱን አዞረበት። ግን አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። የኮርቻው እርካብ እየተወዛወዘ ጎኑን ሲመታው አየችና ሮጣ ደረሰችበት። እርካቡን በእጇ ይዛለት እስከ ቤታቸው አብራው ሄደች። ሲደርሱ ውሃ አሞቁ፣ ጨው ጨመሩ፣ የፈረሱን ቁስል አጠቡ። ፈረሱም ዳነ።»

«ልጅቷ ጎበዝ ናት» አለ ልጄ።

«ጎበዝ ናት» አለ አባቴ። ከዚያ ድንቹን ልጦ መጀመሪያ ለእኔ ዘረጋልኝ።

ድንቹ መዳፌን ሲያቃጥለኝ ያዝኩት። እንዲህ አይደለም፣ ልጅቷ በሌላ መንገድ ነው የሄደችው ልል አፌን ከፍቼ ድንቹን ገመጥኩ። ብዙ ነገር ከልጅነቴ ጠፍቷል፤ የአያ ፈንቴን ፊት እንኳ በደንብ አላስታውሰውም። የማይጠፋው በዘንገና በኩል ከሴቶቹ መሀል ተደብቄ ስሄድ ከማዶ ያየሁት ነው፤ አባቴ ኮርቻውን ተሸክሞ ብቻውን ሲሄድ፣ እርካቡም በተራመደ ቁጥር ጎኑን ሲመታው።