ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ

የአንድ ተጫዋች ዝውውር ወር ሙሉ የሚፈጀው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም፤ ስድስት ዓመት የእግር ኳስ ክለብ ጸሐፊ ነበርኩና። ሰው ከጀርባ ትልቅ ድርድር ያለ ይመስለዋል። ምን ድርድር አለ! ሁለት ወንዶች ስልካቸውን ፊታቸው አስቀምጠው፣ አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ፣ «እሱ ይደውል» እያሉ ይቀመጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቢሯችን ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ነበር። በዚያ ዓመት አንድ የክፍለ ሀገር ክለብ የግራ ክንፍ ተጫዋቻችንን ፈለገው። ልጁ የጀሞ ልጅ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ከኔ ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እኛ ጋ የአንድ ዓመት ውል ቢቀረውም ከተጠባባቂ ወንበር ተነስቶ አያውቅም ማለት ይቻላል። እዚያ ግን ቋሚ ተሰላፊ ሊሆን ነው። የሚያስፈልገው ከኛ የመልቀቂያ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሱም የዝውውር መስኮቱ ሳይዘጋ።

ሥራ አስኪያጁ፣ አንቱ ማለቱን ከዚያ ወዲህ ትቼዋለሁ፣ ደብዳቤውን በመጀመሪያው ቀን ፈረመው። ማህተምም አረፈበት። ከዚያ ለኔ ሰጠኝና «ቁጥርና ቀን እንዳትጽፊበት። መሳቢያሽ ውስጥ ቆልፊው። እነሱ ይደውሉ፤ ቀድመን ከደወልን ለማኝ ሆንን ማለት ነው» አለኝ። ቁጥርና ቀን የሌለው ደብዳቤ ደግሞ የትም ቢወስዱት የሚቀበለው የለም።

ከዚያኛው ክለብ ጸሐፊ ጋር በስልክ ተዋውቀን ነበር። በየጠዋቱ ትደውልልኛለች።

«የናንተ ሰውዬ ሊደውል ነው?»

«እነሱ ይደውሉ ይላል። የናንተስ?»

«የኛውም እንደዚያው። ኧረ እነዚህ ሰዎች ምን ነክቷቸዋል!»

እንስቃለን። አሁን ሳስበው ያመኛል። እኛ ሁለት ሴቶች በየቀኑ ስንደዋወል፣ ልጁ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ጥፍሩን ይበላ ነበር።

«ዛሬስ፣ እትዬ?» ይለኛል።

«በሂደት ላይ ነው» እለዋለሁ። እንዲህ ስል ደግሞ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፤ ሰው ደጄ ቁጭ ብሎ ይለምነኛል። ከዚያ በፊት እኔን ማን ለምኖኝ ያውቃል!

ረቡዕ ረቡዕ ከሥራ መልስ ብሎካችን ውስጥ የጸሎት ኅብረት አለን። የልጁ እናትም ይመጣሉ። ከደቡብ የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚህ ልጅ ሌላ ማንም የሌላቸው ሴት ናቸው። አንድ ረቡዕ ደረጃው ላይ ያዙኝና «ልጄ፣ አንቺ እዚያው ነሽ፤ ምንድን ነው የያዘው?» አሉኝ። እኔም «አለቃው ገና አልፈረሙም» አልኳቸው። አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነው።

መስኮቱ ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ግን አላስቻለኝም። ቢያባርረኝም ያባርረኝ አልኩና ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ከጸሎቱ በኋላ ቁጥሩንና ቀኑን ጽፌ ለእናቱ በእጃቸው ልሰጣቸው ነው። በታክሲ ቦርሳዬን አቅፌ ጀሞ ደረስኩ። እሳቸው ግን ገና ስንጀምር ተንበረከኩና እያለቀሱ «ጌታ ሆይ፣ የዚያን ሰውዬ እጅ አንቀሳቅስልኝ፤ ይፈርምልኝ» ብለው ጸለዩ። ቤቱ ሁሉ ተቀበላቸው፤ «ይፈርም! በኢየሱስ ስም ይፈርም!»

ቦርሳው ጉልበቴ ሥር ነው። ደብዳቤው ከተፈረመ ሦስት ሳምንት አልፎታል። «ዛሬ ፈረሙ» ብል ተአምር ሆነ ተብሎ እልል ሊባል ነው፤ በእግዚአብሔር ላይ መቀለድ መሰለኝ። እውነቱን ብናገር ደግሞ፣ ስዋሻቸው ከርሜ አብሬያቸው ስጸልይ እንደነበር ሰው ሁሉ ሊሰማ ነው። እና ምን አደረግኩ? አሜን አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ነገ ልጁ ቢሮ ሲመጣ እሰጠዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። በማግስቱ ልጁ አልመጣም። ለካ እናቱ በጾም በጸሎት እንዋል ብለውት ቤት ውሏል። ስልክ ቁጥሩ ነበረኝ። አልደወልኩም። እኔም እንደ አለቃዬ፣ ራሱ ይደውል ብዬ ጠበቅሁ።

አርብ መስኮቱ ሊዘጋ አንድ ሰዓት ሲቀረው አለቃዬ «በይ ጻፊበትና ላኪው» አለኝ። ያቺ ጸሐፊ ስልኩን ስታነሳ አልሳቀችም። «እህቴ፣ ጠዋት ሌላ ልጅ አስፈርመዋል» አለችኝ። አለቃዬ ስነግረው «እንግዲህ ለሚቀጥለው ይታያል» ብሎ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ።

የሚቀጥለው የሚባል ነገር አልነበረም። ልጁን ሊከዳን የነበረ ነው ብለው ልምምድ ላይ እንኳን ፊት ነሱት። ውሉ ሳያልቅ በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። ከመንገድ አንድ የድምፅ መልእክት ለእናቱ ላከ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ፤ ይኸው ሰባት ወሩ ነው።

እኔም ክለቡን ለቅቄያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እናቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ እያለከለኩ ወጥተው ቤቴ መጡ። ልጄን አፈላልጉልኝ የሚል ማመልከቻ ለውጭ ጉዳይ እንድጽፍላቸው ነው። «አንቺ የቢሮ ሰው ነሽ፤ ታውቂበታለሽ» አሉኝ። ወረቀት አወጣሁ። ከሁሉ በፊት ቀኑን ጻፍኩ።

ሁለት መስመር እንደጻፍኩ «ያንን አለቃሽን ካገኘሽው ንገሪልኝ» አሉኝ። «ባይፈርምልኝም ይቅር ብዬዋለሁ። በሰው ላይ ቂም ይዤ ልጄን መልስልኝ ብዬ ጌታን መለመን አልችልም።»

እጄ ቆመ። ፈርሞ ነበር ልላቸው፣ የመጀመሪያው ቀን ፈርሞ ነበር፣ ደብዳቤው እኔ ጋ ነበር ልላቸው አፌን ከፈትኩ። የደከመኝ መስሏቸው ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አደረጉኝ።

«ጻፊ፣ ልጄ» አሉኝ።

ጻፍኩ።