ለአቦ የተሠራው በር

ወንዳወቅን ስረግመው ነው የኖርሁት። ቡሬ ውስጥ የኔን ሻይ ቤትና የሱን እንጨት ቤት የሚለየው አንድ ቆርቆሮ ነው። ያ ራውተር የሚለው የእንጨት መቅረጫ መኪናው ገና መጮህ ሲጀምር እየሮጥሁ ስኳሩን እከድናለሁ፤ አለዚያ ደንበኛየ የሚጠጣው ሰጋቱራ ነው። "አንተ፣ ወይ እኔ ወይ መኪናህ ከዚህ ሰፈር እንነቀላለን!" ስለው፣ "እታለም፣ እርስዎ ከሄዱ ማን ይቆጣናል?" ይለኛል እየሳቀ። ምን ይደረጋል፣ ያስቀኛል።

እጁ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ የተባረከ ነው። ሌላው አናጺ ጣውላ ቀጥ አድርጎ ከቆረጠ ይኮራል። ወንዳወቅ የሚወደው ጠማማውን ነው፤ ሐረግ፣ ቅጠል፣ የወፍ ክንፍ። መጀመሪያ ቅርጹን ከስስ ኮምፔርሳቶ ይቆርጥና ዳሩን በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፤ ፎርማ የሚለው ይኸን ነው። ፎርማውን ጣውላው ላይ በትናንሽ ምስማር ይመታውና መኪናውን በዳሩ ያስኬዳል። ከመኪናው ሥር ያለችው ቀለበት ፎርማውን እየታከከች ስትዞር፣ የሚሽከረከረው ጥርስ ጣውላውን ያንኑ ጠማማ መንገድ ይዞ ይበላዋል። አንድ ቦታ ከቆመ እንጨቱ ስለሚቃጠል ትንፋሹን ውጦ ነው የሚነዳው።

እንዲህ ያለ ባለሙያ ሆኖ ሳለ አንድ ነገር ያንገበግበው ነበር፤ አባቱ አያናግሩትም። መሪጌታ እጅጉ ከቡሬ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ደብር፣ አቦ፣ ሲያስተምሩ ያረጁ ሊቅ ናቸው። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። ያላቸውን አንድ ልጅ ቅኔ ቤት ቢልኩት፣ እሱ እዚያው አገር አናጺ ቤት ገብቶ ቀረ። "ቅኔ ተምሮ ይመጣል ስል ጣውላ ተሸክሞ መጣ" ብለው ተቀየሙት። በበዓል ሲሄድ ከእናቱ ጋር ይጫወታል፣ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ይኸን ሲነግረኝ ያ ሁሉ ቁመናው እንደ ልጅ ያለቅሳል።

ሚሊኒየሙ በገባ በመስከረም የደብሩ ቄሰ ገበዝ ዓለምብርሃን መጡና ለጥቅምት አቦ የሚደርስ የደጀ ሰላም በር እንዲሠራ ጠየቁት። እንኳን እሱ እኔም ደስ አለኝ። በሩን ከጨረሰ በኋላ ላዩ ላይ በብሎን የሚታሰር የጻድቁን የአቦን መልክ ከነአንበሶቻቸውና ከነነብሮቻቸው በዋንዛ ጣውላ ሊያወጣ ተነሣ። "እታለም፣ በዚህ ካላናገሩኝ ከእንግዲህ አያናግሩኝም" አለኝ።

ፊት ለፊት አድርጎ ቆረጣቸው። መኪናው የሚያወጣው ዳር ዳሩን ነውና ጻድቁ ዱባ መሰሉ። ደግሞ ሞከረ፣ አሁንም ዱባ። በንዴት ፎርማውን ሰባበረውና ወደ ጎን አዞራቸው። ኧረ ጉድ! አፍንጫው ወጣ፣ ጢሙ ተንዠርግጎ እስከ ጉልበት ወረደ፣ እንባቸውን የምትጠጣው ወፍ ምንቃሯ ሳይቀር ወጣ። ዓይኑን በመሮ ጠርቦ ጨረሰው።

"አሁንማ ሰው ሆኑ!" አልሁት፣ እኔ ሞኟ። ሁለታችንም በሥራው ሰክረን ነበር።

ለበዓሉ እኔም ነጠላየን አጣፍቼ ሄድሁ። ወንዳወቅ በዋዜማው ገጥሞ የሸፈነበት መጋረጃ ከበሩ ላይ ሲነሣ እልልታው ቀለጠ። "አንበሳው ሊዘል ነው እኮ!" ይላል አንዱ። ወንዳወቅ አጠገቤ ቆሞ የሚያየው በሩን አይደለም፣ አባቱን ነው። ቄሰ ገበዝ መሪጌታን ክንዳቸውን ይዘው አቀረቧቸውና "እስኪ ይዳስሱት" አሏቸው። መሪጌታም ማን እንደሠራው ያውቃሉ፣ ስሙን ግን አላነሡም።

የአንበሳውን ጎፈር ዳሰሱ፣ ፈገግ አሉ። ጢሙን ዳሰሱ። "እሰይ! እንዴት ለስልሷል!" አሉ። ወንዳወቅ ክንዴን ጨመቀው፣ እስኪያመኝ። ጣታቸው ወደ ላይ ወጥቶ ዓይኑን አገኘ። ከአፍንጫው ማዶ ሌላውን ሲፈልግ እንጨቱ አለቀበት። ተመለሰ፣ ደግሞ ፈለገ።

"ቄሰ ገበዝ፣ ሁለተኛው ዓይን የት አለ?"

ያን ጊዜ ነው ሁላችንም ያየነው። ከልጅነታችን ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ስናየው ያደግነው ነገር እኮ ነው፤ ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ወደ ሰው እያየ ይሣላል፣ ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ይሁዳ ነው። እልልታው ጸጥ አለ። ቄሰ ገበዝ አማተቡ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ "በስመ አብ! ለማን ነው እልል ያልነው?" ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

ወንዳወቅን ዞር ብየ ባየው ፊቱ አመድ መስሏል። ይኸን እሱ ፊደል ሳይለይ ያውቀዋል፣ የነገሩት አባቱ ናቸው። እኔንም መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ከኋላ አንድ ሽማግሌ "ማነው ይህ አሳዳጊ የበደለው?" ብለው ጮኹ።

መሪጌታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ።

"አሳዳጊው እኔ ነኝ" አሉ። "ልጄ ነው። ነውሩም የኔ ነው።" ቀጥለው እጃቸውን ዘረጉ፤ "ና ወንዳወቅ፣ እናውርደው።"

ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። አንገቱን ደፍቶ ሄደና ብሎኑን በካቻቢቴ ይፈታ ጀመር፤ ካቻቢቴውን ሁለት ጊዜ ጣለው። አባቱ ጣውላውን ከሥር ደግፈው ያዙለት። ተጋግዘው ሲወርዱ "ደረጃ አለ፣ ቀስ ይበሉ" ሲላቸው፣ "እሺ" ሲሉት ሰማሁ።

ወደ ቡሬ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠ። ከተማው ሲታይ ነው ወደ እኔ ዞር ያለው።

"እታለም፣ ልጄ ሲሉ ሰምተዋል?"

"ሰማሁ እንጂ።"

"ፊታቸው ምን ይመስል ነበር? እኔ ቀና ብየ ማየት አልቻልሁም።"