ኮምቦልቻ ላይ የተነሣው ባዶ መዝገብ

ትናንት ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሰፈር ምሳ ቀርቦልኝ ሳለ መብራት ጠፋ። ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክት ገባ፤ የደሴው ዋና ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ስለጠፋ ፕሮግራሞቹ ወደ ኮምቦልቻ ተዛውረዋል፣ ሁሉም ጤነኛ ናቸው ይላል። ይህን ባነበብኩ ቁጥር እህል አይወርድልኝም።

ነገሩ ሲጀምር ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። በሁለቱ ከተሞች ቅርንጫፍ ላለው አንድ ክሊኒክ እሠራ ነበር። እያንዳንዱን ፕሮግራም ከነሚያስፈልገው ነገር ኮንቴይነር በምንለው እሽግ አስገባሁና ከበላያቸው አስተባባሪ ሶፍትዌር ሾምኩ። ትእዛዙ ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ ሦስት ቅጂ ይሥራ። አንዱ ሲሞት ሌላ ያስነሣል፤ ደሴ መብራት ሲጠፋ ኮምቦልቻ ላይ ያስነሣል። እንዴት እንደኮራሁበት አልነግራችሁም፤ የሕሙማኑን የወረቀት ካርድ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

አንድ የክረምት ከሰዓት፣ ኮምቦልቻ እያለሁ፣ ጋሽ ሐሰን የሚባሉ የቢስቲማ አዛውንት በትኩሳት ራሳቸውን የሳቱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዘሐራን ይዘው ገቡ። ሐኪሟ መርፌ ልታዝ ስትል አስቆሟት።

"አምና ደሴ የሰጧት መድኃኒት ሊገድላት ነበር። ስሙን አላውቀውም ልጄ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ጽፈነዋል ብለውኛል።"

መዝገቡን ከፈትኩ። ባዶ ነው። የማንም ስም የለበትም። ደሴ መብራት ጠፍቶ ሦስቱም ቅጂዎች እኛ ጋ ተነሥተዋል፤ የሕሙማኑ መዝገብ ግን እዚያው ደሴ ዲስክ ላይ ቀርቷል። ፕሮግራሙን አዛውር አልኩት እንጂ መዝገቡ በሁለቱም ቦታ እንዲቀመጥ አላደረግኩም። ፕሮግራሙን ደጋግሜ አጠፋሁት፤ ባጠፋሁት ቁጥር አስተባባሪው ሌላ ባዶ ያስነሣልኛል፣ ጤነኛ ነውም ይለኛል። ደሴ ስደውል ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም አሉኝ።

ነዳጅ በጀሪካን ይዤ በክሊኒኩ መኪና ዳገቱን ወጣሁ። ጭጋጉ መንገዱን ውጦታል፤ ሾፌሩ በእግረኛ ፍጥነት ይነዳል። እያለቀስኩ ነበር። ጄኔሬተሩ እንደተነሣ የመድኃኒቱን ስም አግኝቼ ለሐኪሟ ደወልኩ።

"መጠበቅ አልቻልኩም" አለችኝ። "እሱኑ ልሰጣቸው በመርፌ ቀድቼ ይዤ ነበር። ለምን እሱን ትቼ ሌላ መድኃኒት እንደወጋኋቸው አላውቅም።"

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ሐሰን አንድ ፌስታል ማሾ ይዘው በር ላይ ጠበቁኝ። "አላህ ይስጥህ ልጄ፤ ያንተ ማሽን ባይኖር ዘሐራን ቀብሬያት ነበር" አሉኝ። እውነቱን አልነገርኳቸውም። ማሾውንም ተቀበልኩ።

ዛሬ መዝገቡ በሁለቱም ከተማ ይቀመጣል። ጋሽ ሐሰን ካረፉ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ወይዘሮ ዘሐራ ግን ለቀጠሮ ይመጣሉ፤ ባዩኝ ቁጥር በዚያ ደካማ ጉልበታቸው ከወንበር ተነሥተው ይመርቁኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ አሚን እላለሁ።